የተራበው ምስክር

ባላምባራስ ወልደጻድቅ የገዛ ደማቸውን የከሰሱት በ1956 ዓ.ም.፣ በሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት፣ አንኮበር ላይ በአጥቢያ ዳኛው በአቶ ዘርአ ዳዊት ፊት ነው። ደም በራሱ እግር ችሎት ሊቀርብ ስለማይችል በእርሱ ፈንታ ተከሳሽ ሆኜ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴን ኤዲንበርግ ጨርሼ ስመለስ ሁለት ሻንጣና አንድ ሣጥን ይዤ መጥቻለሁ። በሻንጣዎቹ ውስጥ የነበረው ልብስ ለደብረ ብርሃን ብርድ ምንም አልፈየደልኝም፤ ሣጥኑ ግን የደምን ፕሮቲን በወረቀት ላይ የሚለይ መሣሪያ ነበረበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ደም ሲረጋ ከላዩ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ ወስዶ እርጥብ ወረቀት ላይ ጠብ ማድረግ፣ በወረቀቱም ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ነው። ፕሮቲኖቹ እንደየአቅማቸው ይሮጣሉ። አልቡሚን የሚባለው ሁሉንም ቀድሞ ይደርሳል፤ ወረቀቱ ቀለም ሲነከር ደግሞ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ውፍረቱም በቁጥር ይለካል። መስመሩ የወፈረለት ሕመምተኛ ሆዱ ቢከፈት ቁስሉ ይገጥማል። መስመሩ የሳሳበት ግን ስፌቱ ይለቅበታል።

በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር የሚመጣ አንድ ኖርዌጃዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ሰው። ስለ አንጀት ነቀርሳ ሕመምተኞች አንድ መስመር ጽፎልኝ ነበር፦ «አልቡሚኑ ከሦስት በታች የሆነውን አትላኪልኝ፤ ስፌቴን አይዝልኝም።» እኔም ይህችን መስመር ከመሣሪያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ በእርሷ መሠረት ሰው ስልክና ስመልስ አንድ ዓመት አለፈኝ።

ባላምባራስ ወልደጻድቅ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ጥቁር በርኖስ ከትከሻቸው፣ ሙግት ከአፋቸው አይለይም። ከጎረቤታቸው ጋር ስለ አንድ ዛፍ ጥላ ዘጠኝ ዓመት ተሟግተው ረትተዋል፤ ዛፉ በተቆረጠ በአራተኛው ዓመት ነው የረቱት። ሐኪሙ በየካቲት መጨረሻ መብራት ባለው ቱቦ ውስጣቸውን ተመልክቶ በትልቁ አንጀታቸው ታችኛ ክፍል ነቀርሳ አገኘ። «ገና አልተዛመተም፤ ተቆርጦ ቢወጣ ይድናሉ። ካልወጣ ግን እስከ መስከረም መንገዱን ይዘጋዋል» አለ። ባላምባራስ ይህን ሁሉ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ፣ በዚያ ቱቦ ያየውን ለማንም እንዳይናገር ሐኪሙን አስማሉት።

ደማቸውን እኔ ቀዳሁ። በማግስቱ ከባለቤታቸው ከእትዬ በሰለች ጋር ውጤቱን ሊሰሙ መጡ።

«ስንት አለ?»

«ሁለት ነጥብ ሦስት፣ ባላምባራስ። ሦስት መሙላት ነበረበት።»

«ማን ነው ሁለት ነጥብ ሦስት ያለ?»

«ደምዎ ነው።»

«የእኔው ደም? በእኔው ላይ?» በርኖሳቸውን ሰበሰቡ። «ማን ባለበት ነው የተናገረው?»

«እኔ ባለሁበት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ነው የምሠራው።»

«አንድ ምስክር፣ በተዘጋ ቤት፣ አንዲት ልጅ ብቻ ሰምታው! የለም ልጄ። በዚህ አልሞትም።»

ለጥቂት ሳምንታት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ቢበሉ መስመሩ ሊወፍር እንደሚችል አስረዳኋቸው። እትዬ በሰለች ፊታቸው በራ። «የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረአብም ሕመምተኛ ነዎትና ይብሉ ብለዋቸው ነበር፤ እምቢ አሉ እንጂ» አሉኝ።

«አገሩ በሙሉ ሲጾም እኔ እንቁላል ስልጥ ልታይ?» አሉ ባላምባራስ። «የሚያየኝ ሰው የመምሬን ፈቃድ ግንባሬ ላይ አያነበውም!»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ተቆላልፎ ቀረ። ካልበሉ መስመሩ አይወፍርም፤ ካልወፈረ ሐኪሙ አይቀድዳቸውም፤ ካልቀደዳቸው መስከረምን አያዩም። ቁልፉ ያለው በእኔ እጅ መስሎኝ ሳስብ በሦስተኛው ቀን የአጥቢያ ዳኛው መጥሪያ መጣልኝ። «ወይዘሪት ይመኙሻል፣ ምስክሩን ይዘሽ በገበያ ቀን አንኮበር እንድትቀርቢ» ይላል። አለቃዬ አንብበው እንባ እስኪያወጡ ሳቁ፤ እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን፣ «ሂጂ። ካልቀረብሽ በሌለሽበት ይፈረድብሻል፤ የእኛን ወረቀት ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል?» አሉኝ።

በጭነት መኪና ከገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። አንኮበር በጉም ውስጥ ነበረች፤ ችሎቱም ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር። ሕዝቡ ከገበያው ጎርፎ መጥቶ ዙሪያውን ከቦታል፤ ደም ሲከሰስ ማየት በየሳምንቱ አይገኝምና።

አቶ ዘርአ ዳዊት ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ፣ ለሳቅ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። በሁለት መስታወት መካከል ያጣበቅኩትን ወረቀት ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት።

«ይህ ሰማያዊ ነው» አሉ።

«አዎ ጌታዬ፤ ቀለም ነክሬው ነው።»

«ምስክሩን ቀለም ቀብታዋለች!» አሉ ባላምባራስ። «ይህ ይጻፍልኝ!»

ተጻፈ። ከዚያ ባላምባራስ በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ተነሡ። «ጌታዬ፣ ምስክሩን እነቅፋለሁ። አንደኛ፣ ደሜ ከእኔ ጋር ስልሳ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ኖሯል፤ በማዕዴ በልቷል። ዘመድ ነውና ቃሉ አይያዝም። ሁለተኛ፣ ሲጠየቅ እኔ አልነበርኩም።»

«ክንድዎ እኮ ነበር» አሉ ዳኛው።

«ክንዴ ነበር። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ነበር። ሦስተኛ፣ ጠላቴ ነው። ባይጠላኝ ለምን ሁለት ነጥብ ሦስት ይላል?»

«ባላምባራስ፣ ዘመድም ጠላትም ብለው ሊነቅፉት አይችሉም። አንዱን ይምረጡ።»

«ጌታዬ ዘመድ የለዎትም እንዴ?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዘርአ ዳዊት ከወንድማቸው ጋር በወፍጮ ምክንያት ስድስት ዓመት እንደማይነጋገሩ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ዳኛው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «ሁለቱም ይጻፍ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምስክሩ ቃሉን ሲሰጥ በልቶ ነበር?»

«ደም የሚበላው ባለቤቱ የበላውን ነው፣ ጌታዬ።»

«ባለቤቱ ምን በልተው ነበር?»

የያዝኩትን ወረቀት አገላበጥኩ። የእኔ ቅጽ የሕመምተኛውን ስም፣ ዕድሜና አገር እንጂ ምን እንደበላ አይጠይቅም። ከሕዝቡ መካከል እትዬ በሰለች ተነሡ።

«ጌታዬ፣ እኔ ልናገር! ከጥር ወዲህ አንድ እንጀራ ጨርሰው አያውቁም። ሲያማቸው ይተዉታል፤ ሲሻላቸው ይጾሙታል!»

«በሰለች!»

«ዝም አልልም! ዕድሜዎን ሙሉ ሲሟገቱ ዝም ብያለሁ፤ ከሕይወትዎ ጋር ሲሟገቱ ግን ዝም አልልም!»

አቶ ዘርአ ዳዊት መስታወቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እንዲህም አሉ፦ «የተራበ ምስክር የሚፈልገው ጠያቂውን ደስ የሚያሰኘውን ተናግሮ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ነው። እንዲህ ያለ ቃል አይሰማም። ስለዚህ ይህ ምስክር ጠግቦ እንደገና ይጠየቅ። እስከ አርባ ቀን በየቀኑ ስድስት እንቁላል፣ ሁለት ጣሳ ወተት፣ አንድ ሳሕን የበግ መረቅ ከነሥጋው ይቀርብለት። ምስክሩ ያለበት ስፍራ ሌላ መግቢያ ስለሌለው ምግቡ በባላምባራስ አፍ በኩል እንዲደርሰው አዝዣለሁ።»

መምሬ ገብረአብ፣ አጭርና ክብ ቄስ፣ እጃቸውን አወጡ። «እንቁላሉ የማን ነው ሊባል ነው? የባላምባራስ ወይስ የምስክሩ?»

«ያ በእርስዎ ችሎት የሚታይ ነው።»

«በእኔ ችሎት ድሮም ፈቅጃለሁ።»

«እንግዲያው መብላቱን ታዛቢ ሆነው ያረጋግጡልን» አሉ ዳኛው። ለእኔም አንድ ትእዛዝ ጨመሩ፦ «ተከሳሿ ውሳኔው እስኪፈጸም ድረስ በየሳምንቱ ከሳሹን ታያለች፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ከእርሳቸው አትለይም።»

እኔ በዲፕሎማ አስደግፌ የመከርኩትን፣ ቄሱ በሥልጣነ ክህነታቸው የፈቀዱትን ነገር ባላምባራስ ሁለት ጊዜ ገፍተውት ነበር። ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን እጅ ነሥተው፣ «ትእዛዙ የተከበረ ነው» አሉና ያን ዕለት ቀትር ላይ ጀመሩ።

በየሳምንቱ በገብስ መኪናው እየሄድኩ አየሁት፤ ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ባላምባራስ ከቤታቸው ደጃፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አጎዛ ላይ ይቀመጣሉ። ፍርድ ቤት ያዘዘው ነገር በስውር አይፈጸምም አሉ። ከፊት ለፊታቸው መምሬ ገብረአብ በርጩማ ላይ፣ ደብተር በእጃቸው፣ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ። ከአጥሩ ውጭ የሚጾመው ሕዝብ ተደርድሮ ይመለከታል። ባላምባራስ እያንዳንዱን እንቁላል ከመዋጣቸው በፊት ከፍ አድርገው ለሕዝቡ ያሳያሉ።

«ለምስክሩ ነው!» ይላሉ።

«ለምስክሩ ነው» ይላል ሕዝቡ።

«ሦስት» ይላሉ መምሬ፣ ምራቃቸውን ውጠው።

«አራት ነው፣ መምሬ።»

«ሦስት ነው። እኔን በእንቁላል ቁጥር ማታለል አይቻልም፤ በሕልሜ ሁሉ የምቆጥረው እርሱን ነው።»

በመጀመሪያው ሳምንት ባላምባራስ እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ ኮሶ እየተኮማተሩ ዋጡት። በሦስተኛው ሳምንት፣ «ምስክሩ ቅቤ ጠየቀ» የሚል ቃል ወጣ። እትዬ በሰለች ቅቤ አመጡ። በማግስቱ ምስክሩ ሚጥሚጣ ጠየቀ። በአራተኛው ሳምንት መረቁን ደገመ። «ምስክሩ ሌላስ ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁ እትዬ በሰለች ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው ይስቃሉ፤ ባላቸው ከጥር ወዲህ ምግብ ሲጠይቁ መስማታቸው የመጀመሪያው ነበርና።

በአርባኛው ቀን ሦስቱም፣ ከሳሹ፣ ዳኛውና ታዛቢው፣ ደብረ ብርሃን መጡ። አቶ ዘርአ ዳዊት ችሎቱን ላቦራቶሪዬ ውስጥ ለማስቻል ወሰኑ። ደሙ በሁሉም ፊት ተቀዳ፤ ባላምባራስም በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አላዞሩም። ወረቀቱ ሮጦ፣ ተነክሮ፣ ታጥቦ እስኪደርቅ በማግስቱ ረፋድ ሆነ። ከዚያ መስመሮቹን ቆራርጬ፣ ቀለማቸውን በውሃ አውጥቼ፣ በመለኪያው አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

«ሁለት ነጥብ ዘጠኝ» አልኩ።

ውጭ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ባላምባራስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለት መቶ አርባ እንቁላል በልተው በአንድ አሥረኛ መረታት በፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። በሙግቱ ደንብ የረታሁት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መረታትን ተመኝቼ ግን አላውቅም።

«ወይዘሪት ይመኙሻል» አሉ ዳኛው፣ «ይህ ወረቀት አንዲት አሥረኛን አሳምሮ ይለያል?»

ይህን ጥያቄ በዚያ አገር እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ኤዲንበርግ ውስጥ ግን በፈተና ተጠይቄ መልሼው ነበር።

«አይለይም፣ ጌታዬ። ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ ሦስት አሥረኛ ሊስት ይችላል።»

«ይህን ለሐኪሙ ጽፈሽለታል?»

«አልጻፍኩለትም። ቁጥሩን ብቻ ነው የምልከው።»

«በዚህ ቁጥር ስንት ሰው መልሰሻል?»

«ሰባት።»

«ከሰባቱ ለሦስት የቀረቡ ነበሩ?»

«ሦስት ሰዎች።» እንባዬ ወረደ።

ባላምባራስ ከወንበራቸው ተነሥተው የበርኖሳቸውን ጫፍ አቀበሉኝ፤ መሐረብ መሆኑ ነው። «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ልረታሽ እንጂ ላስለቅስሽ አይደለም» አሉ። «ያም ሆነ ይህ፣ ምስክሩ ተንተባታቢ መሆኑ ይጻፍልኝ።»

አቶ ዘርአ ዳዊት በእጃቸው ጻፉት። ምስክሩ የሚንተባተብ ስለሆነ ቃሉ ለብቻው ለማንም እንደማይጠቅምና ማንንም እንደማይጎዳ፣ ሐኪሙ ከሳሹን በዓይኑ አይቶ እንዲወስን፣ ተከሳሿም በተመሳሳይ ቃል የመለሰቻቸውን ፈልጋ እንድታገኝ። ከሦስቱ ሁለቱን መቃብር ቀድሞኝ አገኘሁ፤ አንደኛው ሰላ ድንጋይ፣ ሌላው እዚያው ደብረ ብርሃን ተቀብረዋል። ሦስተኛዋን፣ የእነዋሪዋን ቦሰናን፣ ገበያ ላይ ገብስ ስትሸጥ አገኘኋት። ክስታለች እንጂ በሕይወት ነበረች።

ሐኪሙ በሚያዝያ የመጨረሻ ሐሙስ ሲመጣ ፍርዱን ተርጉሜ አነበብኩለት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማ። «በአርባ ቀን ከሁለት ነጥብ ሦስት ወደ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ?» አለ። «ከሦስት በላይ ሆኖ ከሚወርድ ሰው ይልቅ ወደ ሦስት የሚወጣውን ብቀድድ እመርጣለሁ። ይህን ዳኛ የት ነው ያስተማሩት?» ቦሰናንም ተመለከታት። እርሷንም አሳምረው እየመገቡ እንዲያቆዩለት አዘዘና በሳምንቱ ተመልሶ ሁለቱንም በአንድ ላንድሮቨር ወሰዳቸው። እኔም በውሳኔው መሠረት ከከሳሼ ሳልለይ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ እትዬ በሰለችና መምሬ ገብረአብም ተከተሉን።

የሁለቱም ቀዶ ሕክምና ግንቦት ስምንት ቀን ተደረገ። ሐኪሙ ከባላምባራስ አንድ ስንዝር የሚያህል አንጀት ከነነቀርሳው አውጥቶ የቀሩትን ሁለት ጫፎች ገጠመ። ወደ ሌላ ቦታ የተዛመተ ነገር አላገኘም። «ከእንግዲህ የምንጠብቀው አንድ ምልክት ብቻ ነው» አለኝ። «አየር በታች ከወጣ መንገዱ ተከፍቷል፤ ስፌቱም ይዟል። ካልወጣ ግን ውስጡ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ደግሜ መክፈት ይኖርብኛል። በሁለተኛው መከፈት ደግሞ ብዙ ሰው ይሞታል።»

ይህ ሰው አማርኛውን የተማረው ከቃሬዛ ተሸካሚዎች ነበር። የአክብሮት አነጋገሩን ግን ከማንም ይልቅ ያውቅበታል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የወንዶቹን ክፍል ሁሉ በሚያናውጥ ድምፅ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «ባላምባራስ፣ ፈስተዋል?» አለ።

ከአሥራ ሁለቱ አልጋ አሥራ አንዱ ወደ እርሳቸው ዞረ።

«በአባቴ ቤት» አሉ ባላምባራስ፣ ጣሪያውን እየተመለከቱ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።»

በሦስተኛው ቀን ከኮሪደሩ ማዶ፣ ከሴቶቹ ክፍል፣ ቦሰና፣ «ወጣ! እንዴት ያለ ነው! ሐኪሙን ጥሩልኝ!» እያለች ጮኸች። ባላምባራስ ትራሱን ጆሯቸው ላይ ጫኑ። በአራተኛው ቀን ተጠየቁ፤ በአባታቸው ላይ አያታቸውን ጨምረው ካዱ። በአምስተኛው ቀን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ፊታቸው በላብ ተጠመቀ። ሐኪሙ የልብ ማዳመጫውን ሆዳቸው ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። እትዬ በሰለች የአልጋውን ብረት ይዘው ተንበረከኩ። ባላምባራስ ግን፣ «ይክፈት» አሉና መምሬ ገብረአብን ለኑዛዜ ጠሩ። መጋረጃው ተጋረደ። ሹክሹክታ ሰማን። ድንገት መምሬ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ዓይናቸው ፈጥጧል።

«መከፈት የለባቸውም!» አሉ።

«ለምን?» አልኩ።

«አልናገርም። ኑዛዜ ነው።»

ሐኪሙ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ቄሱ ምክንያቱን ያውቃሉ፣ መናገር ግን አይችሉም አልኩት። «እኔም መቅደድ እችላለሁ፣ መጠበቅ ግን አልችልም በያቸው» አለ። መምሬ ተመልሰው ገቡ። በዚህ ጊዜ ሹክሹክታው ወደ ሙግት ተለወጠ፤ መጋረጃ ደግሞ ድምፅ አይከለክልም።

«ቀኖናዬን ይለውጡልኝ፣ መምሬ!»

«አልለውጥም። የዋሹትን ሰው እውነቱን ይንገሩት። ቀኖናው እርሱ ነው።»

«መቶ ስግደት ይሁን!»

«በተሰፋ ሆድ?»

«ሰባት ሳምንት ጾም!»

«ጾሙን ተዉት። እኔ እንቁላል ስቆጥርልዎት የጾምኩት ለሁለታችን ይበቃል።»

«እንግዲያው ለግድግዳው ልናገር።»

«የዋሹት ግድግዳውን ነው?»

እትዬ በሰለች መጋረጃውን ሳብ አደረጉ። «ምንድን ነው ያደረጉት? ሰው ገድለው ነው?»

«እርሱ በሆነና በተሻለኝ!» አሉ ባላምባራስ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ባላምባራስ፣ ቃልዎን በጽሑፍ ይስጡ። በጽሑፍ የተሰጠ ቃል በአንደበት አልተነገረም።»

ሆዳቸው አንድ ጊዜ አጉረመረመ፤ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ይፈረምበታል?»

«በደንቡ ይፈረምበታል።»

«ጻፊ። እኔ ባላምባራስ ወልደጻድቅ፣ ግንቦት አሥራ አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት፣ እኔም በእንቅልፍ ልቤ ሳለሁ፣ ሳልፈቅድና ሳላስብ ነገሩ ደርሶብኛል።»

«የትኛው ነገር?»

«ነገሩ ብለሽ ጻፊ።»

«ሐኪሙ አይገባውም።»

«ከዚያ ቃል በቀር አማርኛ የማያውቅ ሰው እንዴት አይገባውም?»

«ስንት ጊዜ ነው የደረሰብዎት?»

«አንድ ጊዜ።»

መምሬ ገብረአብ ሳሉ።

«ሁለት ጊዜ።»

መምሬ ደግመው ሳሉ።

«መምሬ፣ ኑዛዜ በሳል ይገለጣል?»

«ብርድ መትቶኝ ነው።»

«ሦስት ጊዜ» አሉ ባላምባራስ፣ በተሰበረ ድምፅ። «ከዚያ ወዲህ ግን በሙሉ ኃይሌ ይዤዋለሁ።» እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ።

ለሐኪሙ ተርጉሜ አነበብኩለት። አልሳቀም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገና፣ «ይልቀቁት በያቸው» አለ። «አሁኑኑ።»

«በሰው ፊት?» አሉ ባላምባራስ።

መሄድ የሚችሉ ሕመምተኞች በእግራቸው ወጡ። የማይችሉትን አልጋቸውን እየገፋን አወጣናቸው፤ አሥራ አንድ አልጋ በኮሪደሩ ተደረደረ። በሩን ዘጋን። ሐኪሙ፣ ሁለት ነርሶች፣ መምሬ፣ እትዬ በሰለችና እኔ በሩ ላይ ቆምን። መምሬ ዳዊታቸውን ከፍተው ጀመሩ። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። እትዬ በሰለች እጄን ይዘው አጥንቴ እስኪነቃነቅ ጨመቁት።

ሰማነው። አጭር አልነበረም፤ ትንሽም አልነበረም። መምሬ የጀመሩትን መዝሙር ሳይጨርሱ ቆሙና፣ «ሃሌ ሉያ» አሉ። እትዬ በሰለች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እልል አሉ። ከሴቶቹ ክፍል ቦሰና ተቀበለቻቸው፤ ከእርሷ ሌሎቹ ተቀበሉ። ወንዶቹ ከየአልጋቸው አጨበጨቡ። ሐኪሙ ለነገ የቀጠረውን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ በእጅጌው አጠፋ።

ከዝግ በሩ ውስጥ የባላምባራስ ድምፅ መጣ፤ ደክሟል፣ ግን የረታ ሰው ድምፅ ነው።

«ሰማሁ የሚል ማነው? ይቅረብ!»

እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም አልቀረበም።